ፍላጻ እንዴት እንምረጥ?

በቆላ አገር ስናስተምር አንዳንድ ተማሪዎቻችን ማታ ወደ ዳሱ የሚመጡት በአንድ እጃቸው ደብተር፣ በሌላው እጃቸው ቀስት ይዘው ነበር። ቀስቱን ከምሰሶው ያስደግፉትና ከፋኖሱ አጠገብ ይቀመጣሉ። በመተከል ቆላ፣ በዓባይ ግራና ቀኝ በሚኖረው የጉሙዝ ሕዝብ ዘንድ ቀስት ከጥንት የመጣ መሣሪያ ነው። በዚያ አገር ለሚኖር ገበሬ አዝመራውን ከከርከሮና ከዝንጀሮ ለመጠበቅም ያገለግላል።

አንድ ምሽት ከተማሪዎቻችን አንዱ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው፣ ኮሮጇቸውን አራግፈው አሥር ፍላጻ መሬት ላይ ደረደሩልን። «እስቲ ልጆቼ፣ እናንተ ፊደል የቆጠራችሁ ናችሁ። ከነዚህ ውስጥ ጥሩው የቱ ነው?» አሉን። እኛም ዘንጉ ቀጥ ያለውን፣ ብረቱ የሚያበራውን፣ ላባው ያማረውን አንዱን አነሳንላቸው። ሰውዬው ሳቁ። ያነሳነውን ፍላጻ ተቀብለው ወደ ጆሯቸው አስጠጉና በሁለት እጃቸው ትንሽ ጎበጥ አደረጉት። ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ዘንጉ ከውስጥ ተሰንጥቆ ኖሯል፤ ከውጭ ግን ምንም አይታይም። «ይኼን ብትለቁት ከርከሮውን ትቶ የእናንተን እጅ ነው የሚወጋው» አሉን። ከዚያ ምሽት ጀምሮ በፍላጻ ነገር ተማሪዎቹ እኛ ሆንን። ከዚህ ቀጥሎ የምንጽፈው ከእሳቸው የተማርነውንና እኛም ከመጻሕፍት ያገኘነውን አንድ ላይ አድርገን ነው።

አስቀድመን በስም እንግባባ። አጠራሩ በየአገሩ ይለያያል። አንዳንዱ ሰው የሚለጠጠውንም የሚወረወረውንም «ቀስት» ይለዋል፤ ሌላው ደግሞ የሚለጠጠውን «ደጋን» ይላል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የሚለጠጠውን ቀስት፣ የሚወረወረውን ፍላጻ እንላለን። በቀስቱ ሁለት ጫፎች መካከል የተወጠረው ጅማት ወይም ገመድ አውታር ይባላል። ፍላጻው ከፊት የሾለ ጫፍ፣ መካከሉ ላይ ዘንግ፣ ከኋላው ላባ፣ ከላባውም በስተኋላ አውታሩ የሚገባበት ስንጥቅ አለው። ላባ የሌለው ፍላጻም አለ። በካላሃሪ በረሃ የሚኖሩት ሳን የሚባሉት ሰዎች ሲያድኑ የኖሩት ላባ በሌለው ፍላጻ ነው።

ዘንጉ የሚሠራው ከመቃ፣ ከቀርከሃ ወይም ከቀጭንና ቀጥ ካለ እንጨት ነው። የብራና ጸሐፊዎች ብርዓቸውን የሚቀርጹት ከመቃ መሆኑን ስንነግራቸው ተማሪዎቻችን ተገርመው ነበር። የመቃ ፍላጻ ደግሞ ትናንት የመጣ አይደለም። ሄሮዶቱስ የተባለው የግሪክ ጸሐፊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 ዓመት ስለ ዘመተው የፋርስ ጦር ሲጽፍ፣ ከግብጽ በስተደቡብ የመጡ ቀስተኞችን ይጠቅሳል። ቀስታቸው ከዘንባባ እንጨት የተሠራና ከአራት ክንድ የማያንስ ነበር። ፍላጻቸው ግን አጭር የመቃ ዘንግ ሆኖ ጫፉ የተሳለ ድንጋይ ነበር። እሱ «ኢትዮጵያውያን» ብሎ የጠራቸው በዛሬው ሱዳን ምድር የነበሩትን የኩሽ ሰዎች ነው።

አሁን ወደ ምርጫው እንግባ። የመጀመሪያው ምርመራ አዛውንቱ ያሳዩን የጆሮና የእጅ ምርመራ ነው። ፍላጻውን በሁለት እጅ ጫፍና ጫፉን ይዛችሁ፣ ከፊታችሁ ራቅ አድርጋችሁ፣ በዝግታ ጎበጥ አድርጉት። ከዚያ ትንሽ አዙሩትና ደግማችሁ ጎበጥ አድርጉት። እንዲህ እያላችሁ ዙሪያውን ሁሉ ፈትሹ። የመሰንጠቅ ድምፅ ከሰማችሁ፣ ወይም በአንድ ቦታ ብቻ ከሌላው ይልቅ እጥፍ ካለ፣ ያ ፍላጻ አይሆንም። ጥፍራችሁንም በዘንጉ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጎትቱት፤ ዓይን ያላየውን ስንጥቅ ጥፍር ያገኘዋል። በተለይ ሁለት ቦታ አጥብቃችሁ እዩ፦ አንደኛው ብረቱ ዘንጉ ውስጥ የገባበት፣ ሁለተኛው አውታሩ የሚያርፍበት ስንጥቅ ነው። ብል የበላውም ዘንግ እንደተሰነጠቀው ይቆጠራል።

ይህን ያህል የምንጨነቀው ለምንድን ነው? አውታሩ ሲለቀቅ የቀስቱ ጉልበት በሙሉ በቅጽበት ከፍላጻው ኋላ ላይ ያርፋል። ጤነኛ ዘንግ ይህን ችሎ ይሄዳል። የተሰነጠቀው ግን እዚያው ይሰበራል። ፊተኛው ስባሪ ሲወድቅ ኋለኛውን ስባሪ አውታሩ ወደፊት ይገፋዋል፤ ከፊቱ ያለው ደግሞ ቀስቱን የያዘው እጅ ነው። የመቃና የቀርከሃ ስባሪ እንደ ምላጭ ነው። ስለዚህ የተሰነጠቀ ፍላጻ ሰብሮ ማገዶ ማድረግ ነው እንጂ «ለልምምድ ይሆነኛል» ብሎ ኮሮጆ ውስጥ መመለስ አይገባም። በልምምድም ጊዜ እጁ ያው እጅ ነው እኮ! አዛውንቱ እኛ ያነሳነውን ቆንጆ ፍላጻ ብረቱን ነቅለው ካስቀሩ በኋላ ዘንጉን እሳት ውስጥ ጨመሩት። ዘጠኝ ቀረ።

የጎበጠ ፍላጻ ግን እንደተሰነጠቀው አይጣልም። አንድ ዓይን ጨፍኖ በዘንጉ ርዝመት ላይ ማየት፣ ወይም ዘንጉን በለስላሳ ጣውላ ላይ ማንከባለል መጉበጡን ያሳያል። ጎባጣው በእሳት አጠገብ ሞቅ ተደርጎ ይቃናል። በታንዛኒያ በኤያሲ ሐይቅ አካባቢ የሚኖሩት ሐድዛ የሚባሉት አዳኞች ዘንጉን በእሳት አሙቀው በጥርሳቸው ነክሰው ያቃኑታል። ጥርስ ለሌለን ሰዎች እጅም ይበቃል፤ እንዳይቃጠል ብቻ መጠንቀቅ ነው።

ቀጥሎ የሚታየው ርዝመት ነው። የፍላጻውን ኋላ በደረታችሁ መካከል ባለው አጥንት ላይ አስደግፉና ሁለት እጃችሁን ወደፊት ዘርጉ። ፍላጻውን በሁለቱ መዳፎቻችሁ መካከል አድርጉት። ጫፉ ከጣቶቻችሁ አልፎ ሁለት ወይም ሦስት ጣት ያህል ብቅ ካለ ልካችሁ ነው። ከጣታችሁ ውስጥ ከቀረ አጭር ነው። አጭር ፍላጻ ሲሳብ ጫፉ ከቀስቱ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሲለቀቅም ቀስቱን ወይም እጅን ይመታል። ረጅሙ ግን ክብደት ከመጨመር በቀር ክፉ ጉዳት የለውም። ስለዚህ ለልጅ የተሠራውን ፍላጻ አባት አይወርውረው።

ክብደት ትንሽ ሰፋ ያለ ነገር ነው። ብዙ ሰው ቀላል ፍላጻ ሩቅ ይሄዳል ብሎ ይመርጠዋል። እርግጥ ይፈጥናል። ነገር ግን በመጥረቢያ ግንድ ልፈልጥ ብሎ የሳተ ሰው ትከሻው እንዴት እንደሚናጥ ታውቃላችሁ። ጉልበቱ የሚያርፍበት ስላጣ ወደ ራሱ ይመለስበታል። ቀስትም እንዲሁ ነው። ፍላጻው በጣም ከቀለለ የቀስቱ ጉልበት የተረፈው በቀስቱ ውስጥ ይቀርና እንጨቱን ያናጋዋል። ውሎ አድሮም ይሰነጥቀዋል። ባዶ አውታር ስቦ መልቀቅ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የባሰ ነው፤ ልጆች ሲጫወቱ ይህን እንዳያደርጉ ንገሯቸው።

ታዲያ ስንት ይመዝን? መልሱ ያለው ቀስቱ ዘንድ ነው። የአዛውንቱን ቀስት መካከሉን ይዘን ከዛፍ ቅርንጫፍ ላይ አንጠለጠልነውና ከአውታሩ ጀሪካን አሰርን። አውታሩ ፍላጻ ሲሳብ እስከሚደርስበት ድረስ እስኪወርድ ውሃ ጨመርን። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን፣ የገባውን ሊትር ቆጥረን የጀሪካኑን ክብደት ስንጨምርበት 20 ኪሎ ያህል ሆነ። እንዲህ ላለው ቀስት ከ23 እስከ 29 ግራም የሚመዝን ፍላጻ ይስማማዋል። ለእያንዳንዱ ኪሎ ጉልበት ከአንድ ግራም ትንሽ አለፍ ብሎ እስከ አንድ ግራም ተኩል ገደማ ማለት ነው። ቀስቱ ጠንካራ ከሆነ ፍላጻውም በዚያው ልክ ይከብዳል።

የግራም ሚዛን በመንደሩ አልነበረም። ምን ይደረጋል? አንድ ቀጥ ያለ በትር መካከሉን በክር አንጠለጠልን፤ በአንዱ ጫፍ ፍላጻ፣ በሌላው ጫፍ ትንሽ የቅል ጽዋ አሰርን። ባዶውን ቅል ለማመጣጠን ፍላጻው ባለበት በኩል ትንሽ ጭቃ ለጠፍን። ከዚያ በቅሉ ውስጥ በትሩ ቀጥ እስኪል የበቆሎ ፍሬ አንድ አንድ እያልን ጨመርን። ፍሬውን ቆጥሮ መጻፍ ብቻ ነው የቀረው። በቆሎ እርስ በርሱ ትንሽ ስለሚበላለጥ ትክክለኛ ግራም አይሆንም። ሆኖም ፍላጻን ከፍላጻ ጋር ለማወዳደር ይበቃል።

ቁጥር መማር የጠቀመው እዚህ ላይ ነው። ዘጠኙ ፍላጻዎች ሲደረደሩ ስለሚመሳሰሉ፣ የትኛው ተመዝኖ የትኛው እንደቀረ ጠፋብን። አዛውንቱ በየዘንጉ ላይ፣ ከላባው ቀድሞ ባለው ቦታ፣ ከ1 እስከ 9 ቁጥር ጻፉ። እኛ በቢላዋ ይቅረጹት ብለን ነበር። «ቢላዋ ያረፈበት ነው ኋላ የሚሰበረው» ብለው በከሰል ጻፉትና በላዩ ቀጭን ሙጫ ቀቡት። ከዚያ በደብተራቸው ላይ በአንድ በኩል የፍላጻውን ቁጥር፣ በሌላ በኩል የበቆሎውን ፍሬ መዘገቡ። ቁጥር 1፣ 88 ፍሬ። ቁጥር 2፣ 91። ቁጥር 3፣ 90። ቁጥር 4፣ 121። ቁጥር 5፣ 89። ቁጥር 6፣ 70። ቁጥር 7፣ 92። ቁጥር 8፣ 118። ቁጥር 9፣ 90። ስድስቱ ይቀራረባሉ። ሁለቱ ከባድ፣ አንዱ ቀላል ነው። እውነቱን ለመናገር ሰውዬው ሚዛኑን ሳይጠብቁ ቁጥር 6ን በእጃቸው አንሥተው «ይቺ ባዶ ናት» ብለው ነበር። እጃቸው ሚዛን ነው።

ክብደታቸው አንድ የሆነ ፍላጻዎች ግን ሁልጊዜ አንድ ቦታ አይመቱም። ምክንያቱ ግትርነትና ልልነት ነው። ይህን ማንም አስቀድሞ አያስበውም፤ እኛም አላሰብነውም ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ፍላጻው የሚያርፈው በቀስቱ ጎን ነው። አውታሩ ግን የሚሄደው ወደ ቀስቱ መካከል ነው። ስለዚህ ፍላጻው ሲለቀቅ ቀስቱን ለማለፍ እንደ እባብ መጠማዘዝ አለበት። በጣም ፈጣን ስለሆነ በዓይን አይታይም። በ1930ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) ክላረንስ ሂክማን የተባለ አሜሪካዊ ሳይንቲስት እጅግ ፈጣን በሆነ የፊልም ካሜራ አንሥቶ ይህንኑ አሳይቷል። ልኩን የጠበቀ ዘንግ ጎብጦ፣ ቀስቱን ዞሮ፣ ተመልሶ ቀጥ ብሎ ይበራል። ግትሩ አልጎብጥ ብሎ ከቀስቱ ይርቃል። ልሉ ደግሞ ከመጠን በላይ ጎብጦ በሌላው በኩል ይስታል። ፍላጻውን በቀስቱ ግራ በኩል አሳልፎ ለሚለቅ ሰው ግትሩ ወደ ግራ፣ ልሉ ወደ ቀኝ ይሄድበታል። በቀኝ በኩል ለሚያሳልፍ ሰው ተቃራኒው ይሆናል።

መለካቱ ቀላል ነው። ሁለት ባላ እንጨት 66 ሴንቲ ሜትር ያህል አራርቃችሁ መሬት ላይ ትከሉ። ፍላጻውን በላያቸው አጋድሙት። በመካከሉ አንድ ሊትር ውሃ የያዘ ቀላል ጠርሙስ አንጠልጥሉና ዘንጉ ስንት ወደ ታች እንደረገበ በማስመሪያ እዩ። ለ20 ኪሎ ቀስት ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢረግብ ደህና ነው። ቀስቱ ሲጠነክር እርግቡ ማነስ አለበት። ከስድስቱ ፍላጻዎች አምስቱ ሁለት ሴንቲ እንኳ አልሞሉም። ቁጥር 5 ግን ሦስት ሴንቲ ወረደ። ሰውዬው ዝም ብለው ተመለከቱት። ቁጥሩንም ጻፉ።

ስለ ላባ ብዙ አንልም። የሚሻለው የክንፍ ላባ ነው፤ የደረት ላባ ይልማል። በአንድ ፍላጻ ላይ የሚታሰሩት ላባዎች በሙሉ ከቀኝ ክንፍ ወይም በሙሉ ከግራ ክንፍ ይሁኑ። የሁለቱ ክንፎች ላባ አጎባበጡ ስለሚለያይ ሲቀላቀል አንዱ የአንዱን ሥራ ያበላሻል። ለላባ ብሎ አሞራ መግደል ግን አያስፈልግም፤ የረገፈ ላባ ሜዳ ላይ ሞልቷል።

ብዙ ፍላጻ መያዝና የሚሆን ፍላጻ መያዝ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለዚህ አንድ የሩቅ አገር ታሪክ እንንገራችሁ። በ1991 (እ.ኤ.አ.) በመስከረም ወር በኢጣሊያና በኦስትሪያ ድንበር ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ከፍታ ባለው ተራራ ላይ፣ መንገደኞች በበረዶ ውስጥ የደረቀ የሰው ሬሳ አገኙ። ሰውየው የኖረው ከዛሬ 5,300 ዓመት ገደማ በፊት ነው። «ኦትዚ» የሚል ስም አወጡለት። አጠገቡ ቁመቱ 1 ሜትር ከ82 ሴንቲ የሆነ፣ ገና ተቀርጾ ያላለቀ ቀስት ነበር። በኮሮጆው ውስጥም 14 ፍላጻ ተገኘ። ነገር ግን አሥራ ሁለቱ ባዶ ዘንግ ነበሩ። ጫፍና ላባ የነበራቸው ሁለት ብቻ ሲሆኑ፣ ሁለቱም ተሰብረዋል። ይህ ሰው በ14 ፍላጻ መካከል ሆኖ የሚወረውረው አንድም አልነበረውም።

በ2001 (እ.ኤ.አ.) ሬሳው በራጅ ሲታይ በግራ ትከሻው ውስጥ የድንጋይ የፍላጻ ጫፍ ተገኘ። ከኋላ ተወግቶ ነበር። ዘንጉ ተነቅሎ ወጥቷል፤ ጫፉ ግን ውስጥ ቀርቷል። ትልቁ የደም ሥር ተቀዶ ደሙ ፈሶ ነው የሞተው።

ይህን የነገርናችሁ ለወሬ ብቻ አይደለም። በፍላጻ የተወጋ ሰው ስታገኙ ፍላጻውን አትንቀሉ። ብረቱ ወደ ኋላ የተመለሰ ጥርስ ካለው ሲነቀል ሥጋና የደም ሥር ይዞ ይወጣል። ጥርስ ባይኖረውም የደሙን መውጫ የደፈነው እሱ ራሱ ሊሆን ይችላል። ዘንጉ እንዳይንቀሳቀስ ዙሪያውን በንጹሕ ጨርቅ ደግፋችሁ እሰሩና ሰውየውን በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት።

መርዝ የተቀባ ፍላጻ ደግሞ ከምርጫችን ውጭ ይሁን። በምሥራቅ አፍሪካ ለፍላጻ መርዝ ሲያገለግሉ ከኖሩት ዕፅዋት አንዱ በአገራችንም የሚበቅለው መረንዝ የሚባለው ቁጥቋጦ ነው። ሶማሌዎች መርዙን ዋባዮ ይሉታል። አርኖ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት በ1888 (እ.ኤ.አ.) የመርዙን ፍሬ ነገር ለይቶ ሲያወጣ ስሙን ከዚሁ ከሶማሌው ቃል ወሰዱለት። ሰውነት ውስጥ ሲገባ ልብን ነው የሚይዘው፤ ትርታዋን ያዛባና ያቆማል። በብረት ላይ የደረቀ መርዝ ሞቷል ብላችሁ አትመኑ። ከአያት የተወረሰ፣ ጫፉ የጠቆረ ፍላጻ በጣራ ሣር ውስጥ ተሰክቶ ከሆነ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ አርቁት፤ በባዶ እጅም ጫፉን አትንኩ። የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ መሆኑንም አንርሳ።

የመጨረሻው ፈተና ፍላጻውን መወርወር ነው። ጭድ የሞላበት ጆንያ ከገደል ሥር አቆምን። ከኋላው ሰውም ከብትም አለመኖሩን አረጋገጥን። አዛውንቱ ከ25 እርምጃ ላይ ሆነው እያንዳንዱን ፍላጻ አምስት አምስት ጊዜ ወረወሩ። ቀላሉን ቁጥር 6 ግን ለቀስቱ ብለን አልነካነውም። ፍላጻውን የሚያሳልፉት በቀስቱ ግራ በኩል ነው። ሦስት ምሽት ፈጀብን። በየውርወራው ደብተሩ ላይ «መታ»፣ «ቀኝ»፣ «ግራ»፣ «ታች» እያሉ ራሳቸው ጻፉ። እጃቸው ለፊደሉ ገና አዲስ ስለነበረ «ቀኝ» የሚለውን ቃል ለመጻፍ ፍላጻ ከመወርወር ይልቅ ይቸገሩ ነበር።

በሦስተኛው ምሽት ደብተሩን በፋኖስ ዘረጋነው። ከባዶቹ 4 እና 8 አብዛኛውን ጊዜ «ታች»። 1፣ 2፣ 3፣ 7 እና 9 «መታ»፣ «መታ»፣ አልፎ አልፎ «ግራ»። ቁጥር 5 ከአምስቱ አራቱን «ቀኝ»።

አዛውንቱ ያንን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ ሦስት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ለማንም ያልተናገሩትን ነገሩን። ባለፈው መኸር ከማሳቸው ዳር ሆነው ደጋግመው ሲስቱ ዓይናቸው የደከመ መስሏቸው፣ ቀስቱን ለልጃቸው ሰጥተው ቤት ለመዋል ወስነው ኖሯል። «ኮሮጆ ውስጥ እጄን ስሰድ የትኛው እንደሚወጣ አላውቅም ነበር። አንዴ ሲመታ አንዴ ሲስት፣ ያው ዓይኔ ነው አልኩ» አሉ። ቁጥር 5ን አነሡና ብረቱን ነቀሉት። አምስቱን ለብቻ አስረው ኮሮጆው ውስጥ ከተቱ። የ4ን እና የ8ን ዘንግ አቅልለው ለመፋቅ ለነገ አቆዩ። ልጃቸው አባቱን አየት አድርጎ ቀስቱን ከምሰሶው አንሥቶ አቀበላቸው።

ጥያቄዎች

1. የተሰነጠቀ ፍላጻ ለልምምድ እንኳ የማይሆነው ለምንድን ነው?
2. የቀስታችሁ ጉልበት 30 ኪሎ ቢሆን ፍላጻው ከስንት እስከ ስንት ግራም ይመዝን? አስሉ።
3. ቁጥር 5 ክብደቱ ከሌሎቹ ጋር እኩል ሆኖ ሳለ ወደ ቀኝ የሄደው ለምንድን ነው?
4. በቤታችሁ ያሉትን ፍላጻዎች ቁጥር ስጧቸው። የእያንዳንዱን ክብደትና ያረፈበትን ቦታ በደብተራችሁ ላይ ጻፉ።